በፊቴ ነው ያለው ሰው

ኦክቶበር 1፣ ረቡዕ

ትናንት መጣና ሄደ። አሥራ አንድ መኪና፣ ሦስት ካሜራ፣ አንድ እንባ።

ክቡር ኤስኪል ቶርሃውገን፣ ትምህርት ቤታችንን ያሠራልን የሰሜን አውሮፓው አገር ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አንደኛ ክፍል ገብቶ የሕፃን ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ጆሮውን ሊነካ ትንሽ ቀረው። የእስራኤል ባለሥልጣናት ያወጡብንን የማፍረሻ ትእዛዝ ሳነብለት የግራ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቀኙ ደረቅ ነበር፤ ካሜራው በግራ በኩል ነው የቆመው። ባለቤቴ ሙሰለም እዚያው በቆመበት ስም አወጣለት፤ አቡ ደምዓ፣ የእንባው አባት።

ቀጥሎ ድንኳን ገብቶ ከሽማግሌዎቹ ጋር የማርያሚያ ቅጠል ሻይ ጠጣ። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። እዚህ ርእሰ መምህርቷም፣ አስተናጋጇም፣ አስተርጓሚዋም እኔው ነኝ። ሊነሣ ሲል ቀኝ እጁን ጉንጩ ላይ አሳርፎ በተሰባበረ ዐረብኛ፣ "ይህ ትምህርት ቤት በፊቴ ነው" አለ።

ሽማግሌዎቹ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ከበረሃ ዐረቦቹ ከበደዊዎቹ ዘንድ ከገባሁ ግን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የዚህን ቃል ክብደት አውቃለሁ። "በፊቴ ነው" ያለ ሰው ዋስ ሆኗል። ከዚያ ወዲያ ነገሩን የነካ የዋሱን ፊት ነካ፤ ዋሱም ዓመት ይፍጅ ዐሥር ዓመት ፊቱን ሳያስመልስ አይቀመጥም። አማቼ ሐጂ ሱወይሊም በዚህ ቃል ብቻ የደም በቀል ሲያስቆሙ አይቻለሁ።

ሐጂ ተነሥተው ግንባሩን ሳሙት። ሁለት ሰው በስም ጠርተው "መስክሩ" አሉ። መሰከሩ። ሰውየው ደስ ብሎት አንገቱን ይነቀንቃል።

ሲሄድ ሁሉም "ማን ነግሮት ነው?" እያለ ይገረም ጀመር። እኔ ብርጭቆ ላነሣ ወጣሁ።

ኦክቶበር 5፣ እሑድ

ጠበቃችን ኖጋ ደወለች። እስራኤላዊት ናት፤ ከሰላምታ በፊት ሥራ የምትል ዓይነት። የማፍረሻ ክርክሩ ችሎት ኖቬምበር 6 ነው።

"ስሚኝ ሩቀያ። ንግግርም ጉብኝትም አልፈልግም። አንድ ገጽ ነው የምፈልገው። 'ሕንፃው የመንግሥታችን ንብረት ነው፤ ቢፈርስ ካሣ እንጠይቃለን' ይበልና ይፈርም። ይህን ይዤ ከገባሁ ዳኛው ቢያንስ ያዘገየዋል።"

"ሰውየው እኮ በፊቴ ነው ብሏል።"

"በፊቱ ይፈርም እንግዲያ።"

ሳቅኩ። ቀጥዬ የሰውየው አገር ኤምባሲ ደውዬ ለዬስፐር ነገርኩት። ዬስፐር ጉዳያችንን የያዘው ልጅ እግር ጸሐፊ ነው፤ ለመሳል እንኳ አለቆቹን ሳያማክር አያልፍም። "ጉዳዩ በከፍተኛ ትኩረት ተይዟል" አለኝ። አንድ ገጽ ነው አልኩት። "በጣም ከፍተኛ" አለኝ።

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

ሰውየው በተባበሩት መንግሥታት ተናገረ። መምህራኑ በሙሉ በእኔ ስልክ ዙሪያ ተኮልኩለን አየነው። በረሃ ውስጥ ስላለች ትንሽ ትምህርት ቤት አወራ፤ በሕፃን ወንበር ላይ ስለተማረው ትምህርት አወራ። ሁለተኛ ክፍል ያለችውን ርሺድን "ራሺዳ" አላት፤ ዕድሜዋንም በሦስት ዓመት ቀነሰላት፤ እንዲያ ይበልጥ ታሳዝናለች መሰለኝ። ከዚያ እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ፣ "እነዚያ ሰዎች ዘንድ አንድ ቃል አለ..." ብሎ ቃላችንን ለዓለም ተረጎመ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ።

እውነት ለመናገር እኔም አጨበጨብኩ። ጥሩ አድርጎ ነው ያለው። ድምፁን ዝቅ ያደረገበት ቦታ ሳይቀር ልክ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስለ ማፍረሱ የውሳኔ ሐሳብ ቀርቦ ድምፅ ተሰጠ። የእሱ አምባሳደር ተአቅቦ አደረገ። ደገፍኩም አልል፣ ተቃወምኩም አልል፤ እጁን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ዝም።

ሙሰለም ዜናውን ሲሰማ፣ "ጠዋት ጉንጩ ላይ የነበረችው እጅ ናት ማታ መነሣት ያቃታት? አይ አቡ ደምዓ! ደክሟት ይሆናል" አለ። መምህራኑ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ኦክቶበር 12

ጥድፊያ። የሂሳብ መምህሩ ፍተሻ ኬላ ላይ ቀርቷል፤ ሁለት ክፍል አንድ ላይ ይዣለሁ። ዬስፐር ስልክ አላነሣም። ኖጋ ሁለቴ ደውላለች፤ ምን ብዬ ላንሣ።

ኦክቶበር 16፣ ሐሙስ

ወንዶቹ መፍቻና መሰላል ይዘው መጡ። ይህ እዚህ የተለመደ ነው። ማፍረሻ ሲቃረብ ቆርቆሮውን፣ በሩን፣ መስኮቱን ራሳችን ፈትተን ዋሻ ውስጥ እንከታለን፤ ማሽኑ ሲመጣ ባዶ ግድግዳ ይገፋል፣ እኛ በሳምንቱ ከጎን እንደገና እናቆማለን። መንደሩ በእኔ ጊዜ ብቻ አራት ጊዜ ፈርሷል፤ የአማቼ ቤት ቆርቆሮ ከእኔ ልጆች በዕድሜ ይበልጣል። ትምህርት ቤቱን ደግሞ ሁለት ቀን ከሰጡን ብሎን በብሎን ፈትተን ማትረፍ እንችላለን።

ሐጂ በሩ ላይ ቆመው መለሷቸው።

"ወዴት ናችሁ?"

"ጣሪያውን ልናወርድ ነዋ፣ ሐጂ።"

"ዋስ አለው እኮ። ዋስ የገባበትን ቤት ማፍረስ ምን ማለት ነው? ሰውየውን 'አላመንህም' ማለት ነው። በሰው ፊት ላይ መዶሻ አላነሣም፤ እናንተም አታነሡም።"

"ፈረንጅ እኮ ነው።"

"ፈረንጅ ፊት የለውም?"

ሁሉም ወደ እኔ አየ፤ የተማርኩት እኔ ነኛ። "እስቲ ችሎቱን እንጠብቅ" አልኩ። ብሎኖቹም ዝገዋል፤ እንኳን በሁለት ቀን በአራት ቀንም አይፈቱም ነበር። ደግሞ ፈረንጅ በሄደበት አገር አንድ ቃል መያዝ ይወዳል፤ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የያዘውን ቃል ምን ያደርግበታል ብሎ አስቀድሞ የሚያውቅ ማን ነው?

ሰዎቹ መሰላላቸውን ይዘው ተመለሱ።

ኦክቶበር 21፣ ማክሰኞ

በመጨረሻ ዬስፐር አነሣ። ደብዳቤው ሕግ ክፍል ነው። ሕግ ክፍል "ንብረት" የሚለው ቃል ከብዶታል፤ "ድጋፍ" በሚል ይተካ ወይ እያሉ እየተወያዩ ነው። ኖጋን ጠየቅኳት። "በድጋፍ ዳኛ ፊት አይቆምም። እናቴም ትደግፋችኋለች" አለች።

ዬስፐር ግን አንድ ነገር ፈለገ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የፓርቲ ጉባኤ አለው፤ ልጆቹ "አመሰግናለሁ" የሚል ሥዕል ይዘው ፎቶ ቢነሡ "በጣም ይነካዋል"። ጉድ እኮ ነው! አንድ ገጽ ለምነን ሠላሳ ገጽ ተለመንን።

ላክሁለት። ርሺድን ከፊት አቆምኳት። ደብዳቤውን ባይልክልንስ፣ ባስኮርፈውስ ብዬ ነው። ደግሞም ሥዕሎቹ ያምሩ ነበር።

ኦክቶበር 27፣ ሰኞ

የሰሜኑ አገርና እስራኤል ስምምነት ፈረሙ። ሰሜኖቹ ከእስራኤል ሰው አልባ አውሮፕላን ሊገዙ ነው፤ ለድንበር ጥበቃ። አቡ ደምዓ ፎቶው ላይ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። በሁለቱም ዓይኑ።

ኖጋ ጋዜጣውን ልካልኝ ከሥሩ ጻፈች፤ "ይህ መቶ አርባ ገጽ ነው። ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ ፊርማው ዐሥራ ስድስት ቀን። ለአንድ ገጽ ስንት ቀን ሆናችሁ?"

ሃያ ሁለት።

ማምሻውን በራዲዮ ቀርቦ ጋዜጠኛው ስለ ስምምነቱ ጠየቀው። "ልቤ ከእነዚያ ልጆች ጋር ነው" አለ። ልቡን ለሁሉ የሚለቅ ሰው ነው፤ ፊርማውን ግን የሚለቀው እየመረጠ ነው። እኔ የማልወደው ውሸታምን አይደለም። ውሸታም እንደሚዋሽ ያውቃል። ይህ ሰው ሲናገር ያምናል፤ ተናግሮ ሲጨርስ ሥራውም ያለቀ ይመስለዋል። ሲመጣ ያየሁት ይህንን ነበር፤ ከመጀመሪያው ደቂቃ አውቄው ነበር።

አውቄው ነበር? የመጣ ዕለት ስሜን በትክክል ጠርቶ ትርጉሙን ጠይቆኛል። ከፍ ማለት ነው አልኩት። "ተስማምቶሻል" አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ስኖር የስሜን ትርጉም የጠየቀኝ የለም። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ኖቬምበር 2

ራሴ ጻፍኩለት። የመጀመሪያው ቅጂ ስድብ ሆነ፤ ቀደድኩት። ሁለተኛው ልመና ሆነ፤ እሱንም። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ "ክቡር ሆይ፣ የተናገሩት ቃል እዚህ ሕግ ነው። ሰዎቹ በእሱ ተማምነው ንብረታቸውን አላሸሹም። እባክዎ አንድ ገጽ።" ላክሁት። በሴኮንድ ውስጥ መልስ መጣ። መልእክትዎ ደርሶናል፣ እያንዳንዱ ድምፅ ለእኛ ዋጋ አለው የሚል። ማሽን ነው።

ኖቬምበር 6፣ ሐሙስ

ችሎት። ዳኛው፣ "የሕንፃው ባለቤት ማነው?" ብሎ ጠየቀ። የመንግሥት ጠበቃው፣ "ክቡር ዳኛ፣ ማንም ባለቤት ነኝ ብሎ አልቀረበም" አለ። ኖጋ ፎቶ አቀረበች፤ የአገሩ ባንዲራ ያለበትን ሰሌዳ፣ የጉብኝቱን፣ የንግግሩን። ዳኛው የንግግሩን ጽሑፍ አንብቦ፣ "ያምራል" አለ። ማላገጡ አልነበረም፤ የምር ነው።

ዬስፐር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዛል። ዳኛው አየው። "የኤምባሲው ሰው የሚናገረው አለው?" ዬስፐር ተነሣ፣ ክራባቱን ነካ፣ "የመጣሁት በጥልቅ ስጋት ለመታዘብ ነው" አለና ተቀመጠ።

ታዘበ። ተፈረደብን። ሰባት ቀን።

ውጭ ላይ ኖጋ ሲጋራዋን ለኩሳ፣ "እኔን የሚያቃጥሉኝ የእኛዎቹ አይደሉም" አለች። "የእኛዎቹ እናፈርሳለን ይላሉ፣ ያፈርሳሉ። ሂጂና ጣሪያሽን አውርጂ።"

ኖቬምበር 8፣ ቅዳሜ

ሄጄ ለሐጂ ተናገርኩ። ማለት የቻልኩትን ያህል።

"ሐጂ፣ ጣሪያውን እንፍታው። አምስት ቀን አለን።"

"ዋሱ ምን አለ?"

"ዋሱ... ሐጂ፣ ሰውየው ቃሉን እንደ እኛ አያውቀውም።"

"ካላወቀ ለምን አለው?" ከመዳፋቸው ላይ ቀና አላሉም፤ የበጉን ሱፍ እያሻሹ ነው። "አንቺ ልጅ፣ እኔ ዐረብኛውን አይደለም ያየሁት። እጁን የት እንዳሳረፈ ነው ያየሁት። ጉንጩ ላይ ነው፣ ጢሙ ከሚበቅልበት። አንድ ጣት ዝቅ ቢል ሌላ ነገር ነበር። ሳያውቅ እንዲያ የሚያደርግ ሰው የለም። ደግሞም ሰባት ቀን አልሞላም፤ ዋስ በመጨረሻው ቀን ይደርሳል። አባቴ አንዴ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው የደረሱት።"

ይህን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር የቀረኝ። ሙሰለም በሩ ላይ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ የሚያውቀው ነገር ያለ ይመስላል። እኔ "እሺ ሐጂ" ብዬ ወጣሁ።

ሙሰለም ተከትሎኝ መጥቶ፣ "ምን ልትዪ ነበር?" አለኝ።

"ምንም።"

"ምንም ለማለት አፍሽን ሦስቴ ከፈትሽ።"

ኖቬምበር 13፣ ሐሙስ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል። ሁለት ማሽን። ወታደር ብዙ። ልጆቹን ወደ ኮረብታው።

ሐጂ መንገዱ ዳር ቆመው ወደ ኢየሩሳሌም መንገድ ያያሉ። ከዚያ ወገን ማንም አልመጣም።

ስድስት ክፍል። ሃያ ስምንት ደቂቃ። ጣሪያው ከነቆርቆሮው ተጨማደደ። ወንበሮቹን ማውጣት ጀምረን ነበር፤ ዐሥራ አንድ አወጣን፤ መኮንኑ በቃ አለ። ሰሌዳውን ከነባንዲራው ማሽኑ መጀመሪያ ረገጠው።

መጻፍ አልችልም።

ኖቬምበር 14፣ ዓርብ

አቡ ደምዓ መግለጫ አወጣ። "በጥልቅ አዝኛለሁ። ዛሬ እኔም ከፍርስራሹ መካከል ነኝ።" የለህም! እኔ ነኝ ያለሁት፤ ዞር ዞር ብዬ አይቻለሁ፤ አንተን አላየሁህም። ከፍርስራሹ መካከል ያሉት ርሺድ፣ ሁለት ፍየልና እኔ ነን።

ኤምባሲው የፍርስራሹ ፎቶ ይላክልን አለ፤ "ለመዝገብ"። ቆርቆሮው አንድ ሉህ እንኳ አልተረፈም። ለስድስት ክፍል ጣሪያ የሚሆን ቆርቆሮ አሁን ከየት ይመጣል? ወንዶቹ በአጠገቤ ሲያልፉ አንገታቸውን ይደፋሉ። አንዳቸውም አልወቀሱኝም። በሐጂ ነው የሚያማርሩት፤ "ሽማግሌው አረጀ" ይላሉ። ሰማሁ፤ መንገዴን ቀጠልኩ።

ኖቬምበር 16፣ እሑድ

ሐጂ ጥቁር ጨርቅ አስመጡ። ቃል ገብቶ ላልደረሰ ዋስ እንዲህ ይደረጋል። መንገድ ዳር ረጅም እንጨት ተተክሎ ጥቁር ጨርቅ ይሰቀላል፣ ስሙም ይጠራል፤ ያለፈ ሁሉ እከሌ ፊቱ እንደጠቆረ ይወቅ ማለት ነው። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ያኔ ስሙ የተጠራው ሰው እስከ ዛሬ ሠርግ ላይ አይታይም።

"ስሙን ጻፊልኝ" አሉኝ ሐጂ። "በእኛም በእነሱም ፊደል። የእነሱ ሰዎች በዚህ ያልፋሉ።"

በካርቶን ላይ ጻፍኩ፤ ኤስኪል ቶርሃውገን። እጄ ጽሕፈት ያምርለታል፤ ተጠንቅቄ ነው የጻፍኩት። ሙሰለም በምስማር መታው። ስንጨርስ ደስ ብሎኛል። ይህን መካድ አልችልም፤ በጣም ደስ ብሎኛል።

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

አንድ የጎብኚዎች ቡድን አልፎ ጨርቁን ፎቶ አነሣው። ከሰዓት በኋላ አቡ ደምዓ በራሱ ገጽ ላይ ለጠፈው። ከሥሩ የጻፈውን እንዳለ ልገልብጠው፦ "የበደዊ ወዳጆቼ ሐዘናቸውን በስሜ ሰቅለዋል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ክብር አላገኘሁም። ቃሌ አሁንም በፊቴ ነው።" አርባ ሺህ ሰው ልብ ሰጠው።

ሙሰለም መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። "ሰውየውን ሰደብነው፣ ሸለሙኝ ይላል! ብንቀብረው ደግሞ ምን ሊል ነው!"

ሐጂ ሳቁን ሰምተው መጡ። "ምን ተጻፈ?"

አነበብኩላቸው፤ ሳልቀባ። እስከ ዛሬ የእሱን ንግግር ስተረጉም እቀባ ነበር፤ እዚህ "ምናልባት" ያለውን አስቀራለሁ፣ እዚያ "እንሞክራለን" ያለውን "እናደርጋለን" እላለሁ። ዛሬ አልቀባሁም።

ሐጂ እንደገና አስነበቡኝ። ከዚያ፣ "ይህ ሰው ምን እንደተሰቀለበት አያውቅም" አሉ።

"አያውቅም።"

"ያኔም አያውቅም ነበር።"

"አያውቅም ነበር።"

"እጁን እንዲያ ማን አስቀመጠለት?"

ነገርኳቸው። ከክፍል ወደ ድንኳን ስንሄድ "ምን ብላቸው ደስ ይላቸዋል?" ብሎ ጠየቀኝ። የውኃ ጋኑ ጀርባ ወስጄ ሦስት ጊዜ አስባልኩት። እጁንም እኔ ነኝ ያስያዝኩት፤ አንገቱ ላይ ሲያደርገው "ከፍ፣ ከፍ" ብዬ ጉንጩ ላይ አሳረፍኩለት። ለካሜራው እንዲያምር ነበር። ሐጂን ደስ እንዲላቸው ነበር። ሌላም ነገር ነበር፤ ያንን ለሐጂ አልነገርኳቸውም።

ሙሰለም መሳቁን ተወ።

ሐጂ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ መንገዱ ሄዱ፤ እኔም ከኋላ። እንጨቱ ሥር ቆመው ቀና ብለው ስሙን አዩ፤ ከዚያ ሙሰለምን ጠርተው፣ "ካርቶኑን አውርደው" አሉት። አወረደው።

"ጨርቁስ?" አለ ሙሰለም።

"ጨርቁ ይቆይ።"

ኖቬምበር 20፣ ሐሙስ

ትምህርት በድንኳን ተጀመረ። ዐሥራ አንድ ወንበር፤ የቀሩት ምንጣፍ ላይ። ወደ ድንኳኑ መግቢያው አንድ ነው፤ በእንጨቱ ሥር ነው የሚታለፈው። ልጆቹ የማን ስም እንደነበረበት ያውቃሉ፣ ወንዶቹም ያውቃሉ፤ አሁንም የፈረንጁ ነው ብለው ያልፋሉ፣ አንዳንዶቹም ይተፉበታል። ሐጂ ለማንም አልተናገሩም። በራቸው ላይ ተቀምጠው ሳልፍ "እንዴት አደርሽ፣ ልጄ" አሉኝ፣ እንደ ወትሮው። እኔም አልሐምዱሊላህ ብዬ፣ ቀና ሳልል፣ በጨርቁ ሥር አለፍኩ።